ቅዳሜ ስለሚከፈተው የኬልበርኮፍ የገመድ ወንበር

ለክቡር ኢንጂነር አሎይስ ግሽቬንትነር፣
የኬልበርኮፍ የገመድ ወንበር ማኅበር ዋና ዳይሬክተር፣
ሎርንባህ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንደምን ነው? ዳሌዎ፣ ጉልበትዎ፣ የአንገትዎ አጥንት ሁሉም እንደ ወትሮው በየቦታቸው እንዳሉ ተስፋ አደርጋለሁ። መጠየቄ በዚህ ሰሞን በመንደራችን እንዲህ የታደለ ሰው እየጠፋ ስለ መጣ ነው። እርስዎም እንደሚያውቁት ተራራው ላይ ሚኒስትሩም ገበሬውም «አንተ» ነው የሚባለው፤ ከፍታው ማዕረግ አይወድም። እኔ ግን በትእዛዝዎ ከተራራው ስለ ታገድኩ የምጽፍልዎ ከሸለቆው ነው፤ ስለዚህ ከማዕረግዎ አንዲት ፊደል ሳላጎድል እቀጥላለሁ።

ስለ እሑዱ አደጋ ባወጡት መግለጫ ላይ ስሜን መጥራት ስለ ረሱ ራሴን ላስተዋውቅ። «ስሜቷን መቆጣጠር ያቃታት አንዲት የስኪ አስተማሪ» ያሏት እኔ ነኝ። ስሜ ጌኖቬቫ ሽቱክነር ሲሆን መንደሩ ቬቪ ይለኛል። ኢንስብሩክ ሕግ ተምሬ ተመርቄአለሁ፤ በክረምት ወራት ደግሞ ልጆችን በበረዶ ላይ በስኪ መንሸራተት አስተምራለሁ። ይቅርታ፣ አስተምር ነበር። ይህን ደብዳቤ በጋጋሪው በካሲያን ዳቦ ቤት መስኮት ላይ መለጠፌን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። ዳቦ ቤቱ ከዚያ እሑድ ጀምሮ ስለ ተዘጋ መስኮቱ ባዶ ነው፤ ሰውም በልማድ ጠዋት ጠዋት እየመጣ ከፊቱ ይቆማል። ቆሞ ከሚተክዝ ያንብብ ብዬ ነው።

ከዚህ በታች ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ቃላት ምርጫዎ አመሰግናለሁ። መግለጫዎ የእሑዱን ነገር «አጭር የቴክኒክ መስተጓጎል» ይለዋል። መጀመሪያ ላይስ እውነትም መስተጓጎል ብቻ ነበር። በገመድ ተንጠልጥሎ ወደ ተራራው ጫፍ የሚያወጣን ወንበር ቆመ። ለእኛ ለሎርንባህ ሰዎች የወንበር መቆም ወሬ አይደለም፤ ጫፍ ላይ አንድ ጀማሪ ሲወድቅ ይቆማል፣ ጀማሪው ሲነሣ ይቀጥላል። በወንበራችን ላይ ሦስት ነበርን፦ እኔ፣ አክስቴ ቡርጊ፣ በመካከላችን ደግሞ ሩርድ የሚባል ከሆላንድ የመጣ እንግዳ። እንግዳው ከፊታችን ያለውን የደኅንነት ብረት በሁለት እጁ ጨብጦ ነበር። እኛ የዚህ ተራራ ልጆች ብረት ማውረድ የፈሪ ሥራ ነው እየተባልን ስላደግን፣ አክስቴ ብረቱን ከእጁ አስለቅቃ ወደ ላይ ገፋችውና ከጃኬቷ ውስጥ የአረቄ ጠርሙሷን አወጣች።

«እንካ ጠጣ፣ የሜዳ ልጅ!» አለችው። «ይህ ወንበር ከባሌ ይልቅ የታመነ ነው። ባሌ እንደ ወጣ ቀረ፤ ይህ ግን አንድ ቀን ሳያደርሰኝ ቀርቶ አያውቅም።»

«ታዲያ ለምን ቆመ?» አለ ሩርድ።

«ወገቡን ሊያሳርፍ ነዋ! አንተ አይደክምህም?»

ከእኛ በታች ባለው ወንበር ላይ ብቻውን የተቀመጠው ካሲያን ነበር። ወንበር በቆመ ቁጥር የሚዘፍን ሰው መሆኑን ያውቃሉ፤ ያን ዕለትም ጀመረ፣ ከላይ ያሉትም ተቀበሉት። ከዚያ ወንበሩ ተንቀሳቀሰ። ወደ ኋላ ነበር የተንቀሳቀሰው፤ ቀስ ብሎ፣ በለሆሳስ። አክስቴ ሳቀች። «ጨዋነቱን አያችሁ? የረሳነው ነገር ካለ ብሎ ወደ ቤት እየመለሰን ነው» አለች። ከላይ አጨበጨቡ። ክቡር ሆይ፣ ወደ ኋላ ለሚሄድ ወንበር የሚያጨበጭብ ሕዝብ በዓለም ላይ ከእኛ በቀር ያለ አይመስለኝም። ይህን ያህል ነው ያመንንዎ። በዚያች ቅጽበት በመስመሩ ሁሉ ላይ በትክክል ያሰበው የፈራው ሩርድ ብቻ ነበር።

፪ኛ. ስለ ፍሬኑ አመሰግናለሁ። «የአደጋ ፍሬኑ በተገቢው ሁኔታ ሠርቷል» ይላል መግለጫዎ። የሠራበትን ቦታ ቢጠቁሙኝ ሄጄ በእጄ ዳስሼ ባመሰገንኩት ነበር፤ እኛ በነበርንበት በኩል ግን አላለፈም። ገመዱ ምሰሶውን ሲያልፍ ዘወትር ኮሽ፣ ኮሽ ይላል፤ ልጅ ሆነን በዚያ ድምፅ እንቅልፍ ይወስደን ነበር። ያን ዕለት ኮሽታው ተቀጣጥሎ አንድ ረጅም ጩኸት ሆነ። ዘፈኑም ቆመ።

እርስዎ በዚያ መስመር ላይ ስላልነበሩ ፍርሃቱን እንድገልጽልዎ ይፍቀዱልኝ። በገመድ ወንበር ወደ ኋላ ሲወርዱ የሚሄዱበትን አያዩም። ፊትዎ ወደ ተራራው ጫፍ ነው፤ የሚያዩት እየራቀዎ የሚሄደውን ብቻ ነው፤ የሚመጣው ከጀርባዎ ነው የሚመጣው። እኔ በወንበሩ መደገፊያ ላይ ተጠምዝዤ ወደ ታች አየሁ። ባላይ እመርጥ ነበር። በታችኛው ጣቢያ ትልቁ መንኰራኵር ወንበሮቹን እየተቀበለ ይወረውራቸው ነበር፤ አንዱ በአንዱ ላይ እየወደቀ ተቆልሏል። ሠራተኛዎ ቀዩን ቁልፍ በሁለት እጁ ተጭኖ፣ በደረቱ ተኝቶበት ነበር። ገመዱ ግን ፍጥነቱን ይጨምራል እንጂ አልቀነሰም።

በእኔና በዚያ ክምር መካከል ካሲያን ተቀምጧል። ፊቱ ወደ እኔ ነው። ጀርባው ወደዚያ ነው።

፫ኛ. ስለ ጩኸቴ ላደረጉት ጥልቅ ምርመራ አመሰግናለሁ። «ተጠቃሚዎች በአስተማሪዋ ጩኸት ተደናግጠው በመዝለላቸው ጉዳት ደርሶባቸዋል» ብለዋል። መጮኼ እውነት ነው። በዚህ መንደር ስኪ የሚማር ልጅ ሁሉ፣ እርስዎንም ጨምሮ፣ መጀመሪያ የሚማረው ሕግ «ከወንበር አይዘለልም» የሚለው ነው። ያስተማረችዎ አክስቴ ናት፤ እኔንም ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ እኔም በየዓመቱ ለሕፃናት ስደግመው ኖሬአለሁ። ያን ሕግ ገልብጬ ከአፌ ሳወጣው የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ።

«ብረቱን አንሱ! ስኪያችሁን ፍቱ! ከድርቆሽ ጎተራው ጋ ዝለሉ!»

ጎተራው ጋ መስመሩ ዝቅ ይላል፤ በረዶውም ነፋስ ስለሚከምረው እስከ ወገብ ይውጣል። ከዚያ ካለፉ በኋላ ያለው ድንጋይና ጣቢያው ነው።

«ቬቪ፣ ተረጋጊ እንጂ!» አለኝ ካሲያን። «ይቆማል እኮ! መቼ ሳይቆም ቀርቶ ያውቃል?»

«ዝለል ካሲያን! በእናትህ ዝለል!»

«እንዴ፣ አንቺ አይደለሽ እንዴ አትዝለሉ የምትይው?» አለና ሳቀ። ጎተራውን እየሳቀ አለፈው። ቀጥሎ ፊቴን ልብ ብሎ አየው መሰለኝ፣ ሳቁ ከፊቱ ላይ ሲጠፋ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፍም፤ እናቱ ይህን መስኮት ታነባለች። ዛሬ ኢንስብሩክ ሆስፒታል ተኝቷል፤ እስካሁን አልነቃም። በመግለጫዎ ላይ ካሲያን በየትኛው መስመር እንደ ተጻፈ ፈልጌ ነበር። «ጉዳት ከደረሰባቸው» ውስጥ አንዱ ነው። ማስታወሻ ይሆንዎ ዘንድ፦ ካሲያን አልዘለለም። ከዘለልነው ሁሉ አንድም ሰው እሱ የተኛበት የጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ የለም።

ተራው የእኛ ሆነ። ሩርድ የስኪውን ማሰሪያ በዱላው ጫፍ ተጭኖ ፈታ፣ አንድ ጊዜ አየኝና ዘለለ። የተሳቀበት ሰው ነው ከሁሉም ቀድሞ የሰማኝ። አክስቴ ግን የወንበሩን ዘንግ አንቃ ያዘች።

«ሠላሳ ዓመት አትዝለሉ እያልኩ ያስተማርኩ ሴት ነኝ! አልዘልም! ቬቪ፣ አልዘልም አልኩሽ!»

በመግለጫዎ ላይ ያለችውን አንዲት ስሕተት እዚህ ላይ ላርም። አክስቴ አልዘለለችም። እኔ ገፋኋት። ጣቶቿን ከዘንጉ አላቅቄ በሁለት እጄ ገፋኋት፤ የጮኸችው ጩኸት ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከዚያ እኔ ተከተልኩ። ከበረዶው ውስጥ ራሴን ሳወጣ ባዶው ወንበራችን ከክምሩ ጋር ሲጋጭ ሰማሁ።

፬ኛ. ታማሚዋን አክስቴን ሆስፒታል ድረስ ሄደው፣ የፖም ኬክ ይዘው ስለ ጠየቁልኝ ልዩ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ጨዋታችሁን ቃል በቃል ነግራኛለች።

«ቡርጊ፣ ያቺ ልጅ ዝም ብትል ኖሮ ዳሌሽ ይሰበር ነበር?» አሏት።

«አይሰበርም ነበር፣ አሎይስ» አለችዎ።

«እንግዲያው ይህንኑ ለመርማሪው ንገሪልን፤ ሌላ ምን አልን?»

«እነግረዋለሁ። ገፍታኛለች። ስለ ገፋችኝም ነው አሁን ኬክህን የምበላው። ቀረፋ ግን አነሰው።»

መርማሪው መጥቶ ሲጠይቃት ከዚህ ይልቅ አሳጥራ እንደምትናገር አልጠብቅም፤ እርስዎም ባይጠብቁ ይሻላል።

፭ኛ. በመጨረሻ ስለ ቅዳሜ። መስመሩ ቅዳሜ ለልጆች ውድድር እንደሚከፈት በደስታ አስታውቀዋል። አካሄድዎን እንደ ሕግ ምሩቅ አደንቃለሁ፦ የአደጋው ምክንያት የእኔ ጩኸት ነው፤ እኔ ታግጃለሁ፤ ስለዚህ አደጋው ተወግዷል። ማርሹን መክፈት፣ ፍሬኑን መመርመር፣ ከውጭ ባለሙያ መጥራት ምን ያደርጋል? ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ የታመመችው ቬቪ ናት።

መታመሜንስ አልክድም። ደረጃ የምወርደው መደገፊያውን ጨብጬ ነው። የልብስ ማጠቢያ ማሽናችን መጠምዘዝ ሲጀምርና ድምፁ ሲፈጥን ከቤት ወጥቼ ግቢ ውስጥ እቆማለሁ። እፈራለሁ፣ ክቡር ዳይሬክተር። ይህን በአደባባይ ለመጻፍ አላፈርኩም። ቅዳሜ እነዚያ ልጆች እግራቸውን እያወዛወዙ በዚያ ገመድ ላይ ሲቀመጡ ባሰብኩ ቁጥር ስማቸውን አንድ በአንድ እቆጥራለሁ። ወንበሩ ቢቆም ይዘፍናሉ፤ ወደ ኋላ ቢሄድ ያጨበጭባሉ፤ እንዲህ አድርገን ነው ያሳደግናቸው።

የማስተማር ፈቃዴን ይመልሱልኝ አልልም። የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፦ የእርስዎ ደመወዝተኛ ያልሆነ ሰው ያን ፍሬን ከፍቶ ሳያይ አንድም ልጅ አያስቀምጡበት። ይህ የማይሆን ከሆነ፣ ቅዳሜ ጠዋት በታችኛው ጣቢያ በር ላይ ያገኙኛል። መንገዱ የመንደሩ እንጂ የማኅበሩ ስላልሆነ ሊያግዱኝ አይችሉም። ልጁን ይዞ ለሚሰለፍ ወላጅ ሁሉ ያየሁትን እነግራለሁ። ጩኸት እንደሚረብሽዎ ስለ ተረዳሁ በዝግታ እነግራለሁ።

የማዕረግዎን ርዝመት፣ የወንበርዎን ጽናት (የቢሮዎን ማለቴ ነው)፣ የእንቅልፍዎንም ጥልቀት እግዚአብሔር እንዲጠብቅልዎ እየተመኘሁ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

በማይናወጥ አክብሮት፣
ጌኖቬቫ ሽቱክነር
የታገደች የስኪ አስተማሪ፤ የቡርጊ የወንድም ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እገዳዬን መጣሴን ከሌላ ሰው ከሚሰሙ ከራሴ ይስሙት። ትናንት ከሰዓት በኋላ ባለቤትዎ ሴት ልጃችሁን ሌናን ይዘው በጓሮ በኩል ወደ ቤታችን መጡ። «ቅዳሜ ትወዳደራለች፤ አባቷ ምሳሌ መሆን አለብን ብሏል። እባክሽ እንዴት እንደሚዘለል አሳዪልኝ» አሉኝ። ፈቃድ እንደሌለኝ ነገርኳቸው፤ «ፈቃድ ያላቸው አትዝለሉ ብለው ነው የሚያስተምሩት» አሉ። ስለዚህ ከድርቆሽ ቤታችን ፎቅ ወደ በረዶው አለማመድኳት፦ መጀመሪያ ስኪ ይፈታል፣ ዱላ ይጣላል፣ ጉልበት ይታጠፋል፣ አገጭ ወደ ደረት ይገባል። ይህን እንድጽፍ የፈቀዱልኝ ባለቤትዎ ናቸው፤ ቤት ውስጥ ቢነግሩዎ አልሰማ ስላሉ ነው። ልጅዎ ጎበዝ ተማሪ ናት፤ እየፈራችም ቢሆን ትዘላለች። ስትወጣ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ቢመልሱላት ይሻላል ብዬ ለእርስዎ አቆየሁት። «አባቴ ታች ቆሞ ይቀልበኛል አይደል?» ነው ያለችው።