የግራኝ ጓንት

ቅዳሜ፣ ግንቦት 23 ቀን 2017

ጋሽ ታደሰን እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ልጄ ሊዲያ ቤዝቦል ስትጫወት የምትወረውረው ኳስ እየሳተባት ጓደኞቿ ስለሳቁባት፣ «ማሚ፣ ኩዊት ላደርግ ነው፤ በቃኝ» እያለች ሳምንቱን ሙሉ አለቀሰች። ዛሬ ላለማምዳት ፓርክ ስንወርድ ጎረቤታችን ጋሽ ታደሰ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። በወጣትነታቸው እዚሁ ቶሮንቶ ይጫወቱ ነበር። ትንሽ አይተዋት፣ «በየትኛው እጅሽ ነው የምትጽፊው?» አሏት።

«በግራ።»

«እንግዲያው ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ኳስ መቅለቢያው ጓንት የሚጠለቀው በማይወረወርበት እጅ ነው። ይሄ በቀኝ ለሚወረውሩ ነው፤ ጎበዙን እጇን አስረሽባታል።»

የገዛሁት እኔ ነኝ፤ አፈርኩ። እሳቸው ግን ቤታቸው ደርሰው ቆዳው የለሰለሰ አሮጌ ጓንት ይዘው ተመለሱ። ለካ እሳቸውም ግራኝ ናቸው!

ሊዲያ ቀኝ እጇ ላይ አጥልቃ በግራዋ ስትወረውር ኳሱ በጋሽ ታደሰ አናት ላይ አልፎ አጥሩን መታው። «ኧረ ቀስ! እኔ ሽማግሌ ነኝ!» ብለው ከልባቸው ሳቁ። ስንለያይ ጓንቱን ልመልስላቸው ብል፣ «አድጋ ትሙላው» ብለው እምቢ አሉኝ።

ምሳ ላይ ሊዲያ ማንኪያውን በግራዋ አነሳች። ሌላ ጊዜ «በቀኝሽ!» እላት ነበር። ዛሬ ሾርባ ጨመርኩላት።