የፖፖው ክዳን

ኅዳር 10፣ ሰኞ፣ ከሰዓት

ዛሬም ሁለት ዙር ሰፍቼ ሁለቱንም ፈታሁ። ጣቴ በወስፌ ተወጋግቶ አልቋል። ጎረቤቴ እመት ዘሃራ አጠገቤ ቁጭ ብለው ይስቃሉ። የስንደዶ ስፌት የሚያስተምሩኝ እሳቸው ናቸው። አላህ ትዕግሥቱን ይስጥሽ ይሉኛል። ይስጠኝ።

ለምን እንደምለፋ ታውቂያለሽ፣ ደብተሬ። የደሴ ልጅ ነኝ። ዳንቴል፣ ጥልፍ፣ የትራስ ልብስ በይኝ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እሠራለሁ። እዚህ ቆቦ ግን ሙሽራ የምትመዘነው ግድግዳዋ ላይ በሰቀለችው ስፌት ነው። በገባሁ ሰሞን አማቴ፣ እቴቴ የሽመቤት፣ ከጎብዬ መጥተው ግድግዳዬን ዞረው አዩት። ባዶ። ዳንቴሌን በሁለት ጣታቸው አንሥተው ለምን እንደሚሆን ጠየቁኝ። ለጌጥ አልኩ። ቀዳዳው በዛ አሉ። ከዚያ ወዲህ ስለ እጄ ሥራ አንዲት ቃል ተንፍሰው አያውቁም። ያንገበግበኛል።

እና በስውር እየተማርኩ ነው። መለማመጃዬ የፖፖው ክዳን። ሽንት ቤታችን ከጓሮ፣ ከቁልቋል አጥሩ ወዲያ ነው፤ ሲመሽ ጅብ ይዞራል። ስለዚህ አልጋ ሥር ፖፖ አለን። ቤታችን አንድ ክፍል ስለሆነ እንግዳ ገብቶ ሲቀመጥ ዓይኑ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ክዳን ያስፈልገዋል። ቢበላሽብኝም የሚያውቁት ባሌና ፖፖው ብቻ ናቸው።

ኅዳር 20፣ ሐሙስ

ገባኝ። ለእጄ ነው መሰል የገባው። እመት ዘሃራ ጠበቅ፣ ጠበቅ እያሉ ሲወተውቱኝ ከረሙ፤ ዛሬ ዝም አሉ። ዝም ማለታቸው ደስ አለኝ።

ስንደዶውን ቀይና አረንጓዴ ቀለም ነክሬ ፀሐይ ላይ አሰጥቻለሁ። ጣቶቼ ቀይ፣ ነጠላዬ ቀይ፣ የባሌ የታደሰ ሸሚዝም ክንዱ ጋ ትንሽ ቀይ። አስተማሪ ነው፤ ተማሪዎቹ አይተው ሳቁብኝ ብሎ አኮረፈ። እራት ላይ ረሳው።

ታኅሣሥ 3፣ ረቡዕ

አለቀ! ከመሀሉ ቀይ ኮከብ፣ ዙሪያውን አረንጓዴ፣ አናቱ ላይ መያዣ ጉብ ያለች። ውስጡን በጨርቅ ገበርኩት። ፖፖው ላይ ሲገጥም ልክክ። ከአልጋ ሥር ሳብ አድርጌ አየዋለሁ፣ መልሼ እገፋዋለሁ፣ ደግሞ እስበዋለሁ። ታደሰ ይህ ፖፖ ከኔ የተሻለ ባርኔጣ አለው አለ።

ለእንዲህ ያለ ነገር እንዲህ ያለ ሥራ። እኔም ሳቄ መጣ። ግን ኮርቻለሁ፣ አልዋሽሽም።

ታኅሣሥ 20፣ ቅዳሜ

ጉድ ሆነ።

ክዳኑን ጠርጌ፣ ገበሩን አጥቤ፣ ፀሐይ ላይ አድርጌዋለሁ። እቴቴ ሳይታሰብ ገቡ፤ ከገበያ ነው። የታናሽ ልጃቸው የጥሩወርቅ ሠርግ ለጥር ተቆርጧል፣ እኛ ዘንድ ሰንብተው ሊያማክሩን። ገና ሳይቀመጡ ክዳኑን አዩት። አነሡት። ገለበጡት። ዙሩን በጥፍራቸው ጫን ጫን እያደረጉ አዩ። ማን ሰፋው አሉ። እኔ አልኩ። ቀና ብለው ረጅም ጊዜ አዩኝ፤ ከዚያ እጅሽ ይባረክ አሉ።

ዓመት ሙሉ የጠበቅኳት ቃል! ምን እንደሚከድን ልናገር አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት። እስኪ አንድ ቀን ልጠግባት።

ታኅሣሥ 21፣ እሑድ

ጥጋቤ አንድ ቀን አልቆየም። እቴቴ ወስነዋል። ከሙሽራዋ ጋር ወደ ዋጃ፣ ወደ አዲሶቹ አማቾች የሚሄደው ድፎ ዳቦ የሚከደነው በኔ ክዳን ነው። እንደ ደንቡ ክዳኑ አይመለስም፤ ቤተ ዘመዱ አይቶት እዚያው ከግድግዳ ይሰቀላል። የቤታችን ስም ማለት ነው።

ታደሰ ይህን ሲሰማ ሳል ያዘኝ ብሎ ወደ ውጭ ወጣ። ከአጥሩ ኋላ ሲስቅ ይሰማኛል። ብናገር ያቺ ምርቃት ትወሰድብኛለች። ዝም ብል የጥሩወርቅ ዳቦ፣ የጥሩወርቅ ግድግዳ... አይሆንም። ልጅቷን እወዳታለሁ።

ታኅሣሥ 23፣ ማክሰኞ

ነገርኳቸው።

ጓሮ ማሽላ እያበጠርን ነበር። አቀርቅሬ በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩት። ፖፖ ምንድን ነው አሉ። ገብቼ አምጥቼ አሳየኋቸው። ፖፖውን አዩ፣ ክዳኑን አዩ፣ በገዛ እጃቸው ገጠሙት። ልክክ። ይነሣሉ፣ ጎብዬ ይሄዳሉ ብዬ ስጠብቅ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እየሳቁ ነው! ነጠላቸው ወደቀ። «የዋጃ አማቾች እጅ ነሥተው ሊቀበሉት ነበር እኮ» አሉ፣ እንባቸውን እየጠረጉ።

ሳቁ ሲበርድ፣ ይህን የመሰለ ሥራ ለምን ለዚህ እንዳዋልኩት ጠየቁኝ። አንቱን ፈርቼ ነው አልኩ። ክዳኑን ከፖፖው ላይ አንሥተው፣ እሳቸውም ሙሽራ ሳሉ የመጀመሪያ ሰፌዳቸውን አማታቸው የከብት አዛባ እንዳወጡበት ነገሩኝ። ለማንም አውርተውት አያውቁም። ማሽላውን ማበጠር ቀጠልን።

ጥር 5፣ እሑድ

እቴቴ ገናን እዚሁ ዋሉ። ለዋጃው አዲስ ክዳን አብረን እየሰፋን ነው፤ እሳቸው አንድ ዙር፣ እኔ አንድ ዙር። ስሳሳት እጄን መታ ያደርጉታል። እመት ዘሃራም ብቅ ብለው ቀለሙን ይመርጣሉ፤ ሁለቱ በወይን ጠጅ ቀለም ተከራክረው ተኳረፉ፣ ታረቁ። ቤቱ ሞቅ ብሏል። ዳንቴሌን ራስጌያቸው ላይ አንጥፌላቸዋለሁ። ቀዳዳውን አልቆጠሩም።

ጥር 21፣ ማክሰኞ

ሠርጉ አልፎ ዛሬ ከዋጃ ተመለስን። ሴቶቹ ክዳኑን እየተቀባበሉ ማን እንደሰፋው ሲጠይቁ እቴቴ ልጄ ናት አሉ። የልጄ ሚስት አላሉም። ታደሰ እኔስ የማን ልሁን ይላል።

እዚህ ቆቦ ወደ ጎብዬ የሚሄደውን መኪና ስንጠብቅ እቴቴ ጠጋ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ነገር ለመኑኝ። ከደሴ ፖፖ እንዳስመጣላቸው። እስከ ዛሬ፣ ማታ ማታ ወደ ጓሮ ሲወጡ ጥሩወርቅ ኩራዝ ይዛ ትከተላቸው ነበር። አሁን ማንም የለም። ይህን ሲሉኝ መሬት መሬት ያያሉ። ክዳኑን አንቺ ትሰፊልኛለሽ አሉና ሊስቁ ሞከሩ። እሺ አልኩ። መኪናው ወሰዳቸው።

ከዚያ ጀምሮ ሥራ አልያዝልሽ ብሎኛል። እቴቴ የሽመቤት፣ ያን ሁሉ ቁጣቸውን ይዘው፣ ባዶ ቤት ውስጥ ጅብ ሲጮህ እየሰሙ ተቀምጠው ነው የሚታዩኝ። አለቀስኩ። ክፍላችን አንድ ናት፣ ትጠበናለች፣ እሳቸውም ይቆጣሉ፣ እኔም እመልስ ይሆናል። ይሁን። ታደሰ ከመንገድ በቀጥታ ትምህርት ቤት ገብቷል፤ ሲመጣ እነግረዋለሁ። ፖፖ አላስመጣም። ነገ በጠዋት ጎብዬ ሄጄ ራሳቸውን አመጣቸዋለሁ።