ሄይዋርድ የሚኖረው ታደሰ ዘነበ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ ለአቶ ታደሰ ዘነበ
ጉለሌ፣ አዲስ አበባ

አባባ፣ ከተለያየንበት ቀን ጀምሮ ይህ ወረቀት እጅዎ እስከገባበት ሰዓት ድረስ ጤናዎ እንዴት ነው? ዝናብ ሲመጣ የሚያስነክስዎት ጉልበትዎ ዘንድሮ ማረዎት? ዓይንዎስ? ይህን ራስዎ እያነበቡት ይሁን ወይስ እማዬ እያነበበችልዎት አላውቅም። አንቺ ከሆንሽ ደግሞ እማዬ፣ እንዴት ነሽ? የራስ ምታቱ ተወሽ? እባክሽ አንዱንም መስመር ሳትዘዪ አንብቢላቸው። አያቴ እማማ ሮማነወርቅ ከአልጋ ይነሳሉ? ወንድሜ ጋሻውስ ከብሔራዊ ውትድርናው ተርፏል? ስሙን በደብዳቤያችሁ ካየሁ ስድስት ወር ሆነኝ፣ ልቤ አላረፈም።

እኔ ደህና ነኝ፣ ሐሳብ አይግባዎት ብዬ አልጽፍም። ቆሜ እሄዳለሁ፣ እበላለሁ፣ እሱ ይበቃል። ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልላክሁትም። እዚህ ነርስ ሆና የምትሠራ፣ የአሜሪካ ፓስፖርት ያላት ፅጌረዳ የምትባል ሴት በልብሷ መሃል ይዛልዎት ትመጣለች። ስለዚህ እንደ ቀድሞዎቹ ደብዳቤዎቼ ነገሩን አላለባበስኩትም።

የጥገኝነት ማመልከቻዬ መውደቁን ጽፌልዎት ነበር። ይግባኙም ወደቀ። የመጨረሻው ወረቀት እስከ ሐምሌ ሃያ አራት ቀን ድረስ ከዚህ አገር እንድወጣ ያዛል። በእነሱ አቆጣጠር ከ1982 በፊት ለገባ ሰው ምሕረት ወጥቷል፤ እኔ የገባሁት በ84 ነው። ሳን ሆዜ ውስጥ የኮምፒዩተር ዕቃ በማጉያ መነጽር እያየሁ ስበይድ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን አሠሪ ሁሉ የሠራተኛውን ወረቀት ማየት አለበት የሚል ሕግ ስለመጣ፣ አለቃዬ ጠርቶ ጠየቀኝ፣ ያለኝን አሳየሁት፣ በሳምንቱ አሰናበተኝ። ክፍሌን ለቅቄ ኦክላንድ ወይዘሮ ኣረጋሽ ዘንድ ገብቻለሁ። ወይዘሮ ኣረጋሽ የአሥመራ ሴት ናቸው፣ በስልሳ ዓመታቸው ሆቴል ያጸዳሉ፣ ምላሳቸው የተሳለ ነው፣ ሶፋቸው ላይ አስተኝተውኛል።

ወደ አገርሽ ተመለሺ እንደማይሉኝ አውቃለሁ። በአሥራ ስድስት ዓመቴ አምስት ወር የት እንደነበርኩ ያውቃሉ። አሁን ደግሞ ለሥልጠና ተልኬ የቀረሁ ከዳተኛ ነኝ።

እንግዲህ የቀረኝ በር አንድ ነበር። እርስዎም ያውቁታል፣ ባይወዱትም። ስለ እሱ ሁለት ጊዜ ጻፍኩልዎት። ለመጀመሪያው መልስ አልሰጡኝም፤ ለሁለተኛው «ያን ስም በቤቴ አታንሺ፤ ወረቀቱም ጠፍቷል» ብለው በሁለት መስመር ዘጉት። ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ፣ ከቤትዎ ርቄያለሁና አነሳዋለሁ። ኤቶሬ ይባል ነበር። በጠላት ጊዜ የመንገድ ሥራ መካኒክ ሆኖ የመጣ፣ እማማ ሮማነወርቅን ይዞ የተቀመጠ፣ እርስዎ ሲወለዱ «ልጄ ነው» ብሎ ማዘጋጃ ቤት ቀርቦ የፈረመ፣ በዓመቱም የጠፋ ሰውዬ ነው። የሰፈር ሰው «ክልሱ» ሲልዎት ባርኔጣዎን ዝቅ አድርገው ሲያልፉ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። እኔም አስተማሪ ሆኜ ስለ አምስቱ የወረራ ዓመታት ለአርባ ተማሪ ስናገር፣ ስለ ቤታችን አንዲት ቃል ወጥታኝ አታውቅም። ዝምታው የእርስዎ ነበር፤ እኔም አብሬዎት ተሸከምኩት።

አሁን ግን የጣሊያን ዘር ያለው ሰው የአባቱን ወይም የአያቱን ወረቀት ካቀረበ ወደዚያ የሚገባበት ቪዛ እንዳለ ሰማሁ። ወረቀቱ ቢጠፋም መዝገቡ አይጠፋም ብዬ፣ ስምዎንና የኤቶሬን ስም ይዤ ሳን ፍራንሲስኮ ወዳለው ቆንስላ ሄድኩ። ወይዘሮ ኣረጋሽ ጣሊያንኛ ስለሚችሉ አብረውኝ ሄዱ። ጸሐፊው ስሙን ሲሰማ ወደ ጓዳ ገብቶ ዶሴ ይዞ ተመለሰ። ደስታዬን ልነግርዎት አልችልም፤ የወይዘሮ ኣረጋሽን ክንድ ቆንጥጬ አቆሰልኩት። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀ። ወይዘሮ ኣረጋሽ ወዲያው አልተረጎሙልኝም። ደግሞ እንዲናገር አደረጉትና ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ አባትሽ ሄይዋርድ ነው የሚኖረው ይላል» አሉኝ።

አባቴ የሚኖረው አዲስ አበባ ነው አልኩ። «እኔም ያንኑ አልኩት፤ ራሱ ቀርቦ ፈርሟል ይላል» አሉኝና ከጸሐፊው ጋር ይከራከሩ ጀመር። ምን እንዳሉት አላውቅም፣ በመጨረሻ ሰውየው ተሰላችቶ ዶሴውን ወደ እኔ አዞረው። ስሙ የእርስዎ ነው። የልደት ቀኑ የእርስዎ ነው። ከሥሩ የኤቶሬ ፊርማ ያለበት የማዘጋጃ ቤቱ ወረቀት ተያይዟል። ፎቶግራፉ ግን የአጎቴ የጥሩነህ ነው።

አባባ፣ ሞኝነቴን ልናገር። ኦክላንድ አጠገብ ሄይዋርድ ከተማ ያለው አጎቴ ቤት ስመላለስ የፖስታ ሣጥኑ ላይ «ታደሰ ዘነበ» የሚል አይቼ ነበር። እዚህ በሱዳን በኩል የመጣ ሰው ሁሉ የቤት ስምና የወረቀት ስም አለው። በአንዱ ቤተሰብ ፎርም ላይ ልጅ ሆኖ የገባ አለ፣ በሞተ ሰው ስም የገባ አለ፤ ያንን መጠየቅ ነውር ነው፣ ማንም አይጠይቅም። እኔም አልጠየቅሁም። እንዲያውም ወንድሙን ስለሚወድ ስሙን አወጣው ብዬ በልቤ ወድጄው ነበር። እማማ ሁለታችሁንም በገዛ አባታቸው በአቶ ዘነበ ስም ስላሳደጓችሁ፣ ለመለወጥ የቀረው የራሱ ስም ብቻ ነበር።

በማግስቱ ሄይዋርድ ሄድኩ። አጎቴ ግቢው ውስጥ ሣር ያጭድ ነበር። ያየሁትን ስነግረው የማጨጃውን ሞተር እንኳ አላጠፋም፣ ከድምፁ በላይ እየጮኸ ነው የመለሰልኝ። «ወንድሜ በገዛ እጁ ነው የሰጠኝ» አለ። «በ67 ስወጣ፣ ይህን ወረቀት ከቤቴ አውጣልኝ፣ ከፈለግህ ከነስሜ ውሰደው አለኝ። ካርቱም ስደርስ ጥሩነህን የሚፈልግ መንግሥት አልነበረም። ታደሰን የሚፈልግ ግን ነበር።» በወረቀቱ ሮም ገባ፣ እዚያ አገባ፣ ልጆች ወለደ፣ ከዚያም በጣሊያን ፓስፖርት ወደዚህ ተሻገረ። ታክሲው፣ ቤቱ፣ ግሪን ካርዱ፣ ሁሉም በእርስዎ ስም ነው።

ሚስቱ ዓለምፀሐይ ስትወጣ ሞተሩን አጠፋና ድምፁን አለሰለሰ። «ሪላክስ አድርጊ የወርቅዬ። እኔ አባቷ ነኝ ብዬ ፎርሙን ሳይን አደርግልሻለሁ። በሦስት ሳምንት ቪዛሽን ትይዣለሽ። ምን ቸገረሽ?»

እውነቱን ልንገርዎት፣ በመጀመሪያው ቀን ልፈርም ነበር። ወይዘሮ ኣረጋሽም ፈርሚና ሂጂ አሉኝ። አሥራ አራት ዓመት አሥመራ ጣሊያኖች ቤት ሲያገለግሉ በቀን መቶ ጊዜ «ሲኞራ» ሲሉ እንደኖሩ፣ ከዚያ የተነሳ አፋቸው እንዳልጠቆረ ነገሩኝ። በሁለተኛው ቀን ግን ብዕሩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ያን ፎርም ብፈርም እርስዎ የሌሉ ሰው ይሆናሉ። አባቴ ሄይዋርድ ሣር የሚያጭድ ሰው ሆኖ ይጻፋል፤ ስወልድም ልጆቼ ከእሱ ይቆጠራሉ። ታዲያ አምስት ወር ሙሉ እስር ቤት በር ላይ ስንቅ ተሸክሞ የተሰለፈው ሰውዬ ማን ሊባል ነው?

እንቢ ማለቴ ሲሰማ አጎቴ ሽማግሌ ሰበሰበ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሦስት ሽማግሌዎች ሄይዋርድ ተቀመጡ። ተናጋሪው አቶ ዓባይነህ ነበሩ፤ አገር ቤት ዳኛ ነበሩ፣ አሁን ዳሊ ሲቲ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ትኬት ይቆርጣሉ። ወንጀለኛ እንዳደረጉኝ አይምሰልዎት፣ በአባት ቃል ነው የያዙኝ። «ልጄ፣ ፎርሙ ላይ የሚሰፍረው ስም የአባትሽ ስም ነው። የአያትሽም እውነተኛ ነው። አንድም ውሸት የለበትም። ምን ጎደለ?» አሉኝ።

«ሰውየው ጎደለ» አልኳቸው።

አንደኛው ሽማግሌ ሳቁ። ለአገር ሰው ሁሉ የተረፈ ወረቀት ለአስተማሪዋ አነሳት ወይ ብለው ሳቁ። አጎቴ፣ አባቷም እንደዚሁ ነው፣ ኩራት ሲበላ የኖረ ቤት ነው አለ። ይህን ችዬ አለፍኩት። ዓለምፀሐይ ግን ከወጥ ቤቱ በር ሳትነቃነቅ፣ «ልጆቼን ልታስበትኚ ነው?» አለችኝ። ልጆቹ የሠሩት ነገር የለም።

ሰኞ ብቻዬን ቆንስላው ሄድኩ። ፎቶግራፉ ላይ ጣቴን አድርጌ፣ ወይዘሮ ኣረጋሽ ባስጠኑኝ ጣሊያንኛ፣ ይህ ሰው አባቴ አይደለም አልኩ። ታዲያ ማን ነው ሲለኝ አልነገርኩትም፤ የአጎቴን ስም ከአፌ አላወጣሁም። ቢሆንም ይበቃ ነበር። ጸሐፊው ማመልከቻዬን ከዚያው ዶሴ ውስጥ ከተተና፣ እውነተኛው ታደሰ ማን እንደሆነ እስኪታወቅ ለማንም ምንም አይሠራም አለኝ። ባለፈው ሳምንት ለአጎቴ መጥሪያ ደርሶታል። ስልክ አያነሳልኝም። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ሴቶቹ ነጠላቸውን ሰብስበው ያልፉኛል፤ የአጎቷን ቤት ያፈረሰች እባላለሁ። ይበሉ። እኔ ያፈረስኩት በአባቴ ስም የተሠራ ቤት ነው፤ አባቴ ግን አንድ ቀን አላደረበትም።

ለመንገድ ተዘጋጅቻለሁ። አልጋዬን ሸጬ ሻንጣ ገዝቻለሁ፤ የዲግሪ ወረቀቴን፣ ሁለት ወፍራም ሹራብ፣ የእርስዎንና የእማዬን የሠርግ ፎቶግራፍ አስገብቼበታለሁ። ወይዘሮ ኣረጋሽ ከሥራ ሲመለሱ ጣሊያንኛ ያስተምሩኛል። የሚያስተምሩኝ ሁሉ ግን የገረድ ጣሊያንኛ ነው፤ ምንጣፉን ላራግፍ ወይ፣ ሾርባው ቀዝቅዟል ወይ ማለት እችላለሁ። አልፈልግም የሚለውን አስተምሩኝ ስላቸው፣ እሱን በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ስላልተጠቀሙበት እንደረሱት ነገሩኝ።

አሁን የእርስዎ ተራ ነው፣ አባባ። መጀመሪያ አንድ ነገር ይመልሱልኝ። አጎቴ ያለው እውነት ነው? ከነስሜ ውሰደው ብለውታል? በ67 የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ምናልባት በዚያች ሰዓት ከጎንዎ ቆሜ ነበር። ስምዎ የእርስዎ ብቻ መስሎዎት ይሆናል። ግማሹ እኮ የእኔ ነው፤ ከስሜ ቀጥሎ የምጽፈው ሌላ የለኝም።

ሁለተኛው ይህ ነው። እማማ ሮማነወርቅን ደግፈው፣ ነገሩን የሚያውቁ ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ይዘው፣ እዚያው አዲስ አበባ ወዳለው ኤምባሲያቸው ይሂዱ። ፎቶግራፍ ይነሡ። ሁለት ቃል ይናገሩና ይፈርሙ፤ ኤቶሬ አባቴ ነው፣ የወርቅውሃ ልጄ ናት። እማማም አውራ ጣታቸውን ያኑሩበት። እኛ ቤት የልደት ወረቀት አልነበረም፣ ስም ይበቃል ብላችሁ አሳደጋችሁን። እኔ አልበቃኝም፤ ስሜን ሌላ ሰው ለብሶት አገኘሁት። ፅጌረዳ እስከ ሐምሌ አሥር እዚያ ናት፣ ወረቀቱን ለእሷ ይስጧት።

የመጀመሪያውን ቃል ለማውጣት አፍዎ እንቢ ካለ አልፈርድብዎትም። እንዴት አድርገው እንዳዋረዱዎት አውቃለሁ። ያኔ ቪዛ የለኝም፤ ሐምሌ ሃያ አራት ሲደርስ ሻንጣዬን ይዤ ወዴት እንደምሄድ አልነግርዎትም፣ ጉለሌ ግን አልመጣም። እንዲያም ቢሆን ሁለተኛውን ቃል አይንፈጉኝ። ለቪዛ አይጠቅመኝም፣ ግድ የለም። ኤቶሬ ክፉም ይሁን ደግ፣ በዓመቱ ጥሎዎት የጠፋ ሰው ነው። እሱ እንኳ ከመጥፋቱ በፊት መዝገብ ቤት ቆሞ «ልጄ ነው» ብሎ ፈርሞልዎታል። እርስዎም ይፈርሙልኝ።

እማዬ፣ ጉንጭሽን ደጋግሜ ስሜሻለሁ፤ ይህን አንብበሽ አታልቅሺ፣ ካለቀስሽም እሳቸው እያዩሽ ይሁን። እማማ ሮማነወርቅን ጉልበታቸውን ሳሙልኝ፤ ስለ ምንም ነገር እንዳልተቀየምኳቸው፣ በሰላሳዎቹ የሆነው ሁሉ የእሳቸው ጥፋት እንዳልሆነ በጆሯቸው ጠጋ ብላችሁ ንገሩልኝ። ጋሻው ወንድሜ፣ ከቤት አትራቅ፣ ለእናታችን ዓይኗ ሁንላት። ጎረቤታችን እትዬ ሀረገወይን፣ እስር ቤት ሳለሁ በእርስዎ ቤት ሰሐን ምግብ ይመጣልኝ እንደነበረ አልረሳሁም፤ ሰላምታዬ ይድረስዎት።

ልጅዎ
የወርቅውሃ ታደሰ

ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ
ሰኔ 5 ቀን 1980 ዓ.ም.