በስልክ የተነገረ መርዶ

ርሆቦት፣ ክርያት ሞሼ፣ እስራኤል
እሑድ፣ ኖቬምበር 15 ቀን 2015

በርሊን ላለሽው ልጄ ለሄዋን፣

«እስካሁን ማንም አልሞተም፤ ያላ፣ እንውጣ!» አለ ሲኒማ ቤቱ ውስጥ ከእኔና ከእናትሽ ኋላ የተቀመጠ ጎረምሳ፣ ፊልምሽ ግማሽ ሰዓት እንደሄደ። እውነቱን ነበር። እኔም ሁሉም ደኅና መሆኑን ሰምቼ ተደላድዬ ተቀመጥኩ።

«አባዬ፣ ሳይሳሱልኝ ይፍረዱ» ስላልሽ እፈርዳለሁ። እናትሽ ስልኳን ለምን እንደማታነሳ የጠየቅሽኝን ወደታች እመለስበታለሁ።

ጭጋጉ ድንቅ ነው። ያንን ባዶ ወደብ ካየሁ ወዲህ የገዛ ቤቴን ደረጃ መብራት ሳላበራ አልወጣም። መርማሪው ግን ሁልጊዜ ዝናብ ላይ ቆሞ ነው የሚያስበው፤ ጃንጥላ የሚገዛለት አለቃ የለውም? ገዳዩም ያን ሁሉ ሰው ዝም ብሎ ከፈጀ በኋላ፣ መጨረሻ ላይ ምክንያቱን እንደ ሕንፃችን ኮሚቴ ሰብሳቢ ያብራራል። ስብሰባ አያስፈራም፤ ያስተኛል።

እናትሽማ አብራ ተወነች። «አንቺ ልጅ፣ መብራቱን አብሪው! በሩን ዝጊ ብያለሁ!» ሰው ዞሮ ሲያያት፣ «ቤሰደር፣ እሺ፣ ትሙት እንግዲህ» ብላ እጇን አጣጠፈች።

ፀጥ ያለችው ፖሊሱ ለሟቿ ልጅ እናት ሲደውል ነው። ሴትዮዋ ብቻዋን፣ ቆማ፣ በስልክ ተረዳች። እቤት እስክንደርስ እናትሽ እማዋይሽ አልለቀቀችኝም።

«ልጄ ይኼን ከየት አመጣችው? መርዶ በስልክ? ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ በጠዋት ይኬዳል፣ አስቀምጠው ነው የሚያረዱ! ቢሻው፣ በኔ ልጅ ላይ እንዲህ ያለ ነገር እንዳይደረግ!»

«አይደረግም» አልኳት።

እንግዲህ የፊልምሽ ትልቁ ጉድለት ገዳዩ አይደለም፤ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። «አዲስ ቀረጻ ጀምሬአለሁ፣ እስከ ፋሲካ አልመጣም» ብለሻል። ትመጫለሽ። አጎትሽ ዳዊት የአውሮፕላን ትኬቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር በኢሜይል ይልክልሻል። ካሜራው ይቆያል፤ የበርሊን ጭጋግም የትም አይሄድም። አትከራከሪኝ፤ አትደውዪልኝ፣ አላነሳም። ከመነሳትሽ በፊት እህል ቅመሺ፤ ቢያስጠላሽም ቅመሺ።

የእስራኤል አምላክ መንገድሽን ያቅናው፤ ጉልበትሽን ያጽናው።

አባትሽ ቢሻው

አውሮፕላንሽ ማክሰኞ በጠዋት ያርፋል። እኔ ከቤት አልወጣም፤ ዳዊት፣ ቄስ ጀምበሬና ጎረቤታችን እትዬ ማንተገብሽ ይቀበሉሻል። የእናትሽን የስልክ ነገር እነሱ ይነግሩሻል።