መጀመሪያ አጠጣት!

ዲንኪቱ እህቴ፣ አካም? ናጋ?

እኔ ጃፓን፣ ናጎያ ከተማ ለሥልጠና መጥቼ ትናንት ሲኒማ ቤት ጉድ ሠራሁ! በሥዕል የተሠራ ፊልም ነው። ከሰማይ አገር የወደቀች ልጅ የምድሩን ጎረምሳ ጉድጓድ ዳር ታገኘዋለች። ከንፈሯ በጥም ተሰነጣጥቋል፤ እሱ ግን «ማነሽ? ከየት ነሽ?» እያለ ያደርቃታል። ጃፓንኛዬ ለዚህ አላነሰም። እንግዳ ሳይጠጣ ስሙ ይጠየቃል እንዴ? ሰው እየጮኸ ፊልም የሚያይበት የነገሌ አዳራሽ መስሎኝ በኦሮምኛ «መጀመሪያ አጠጣት እንጂ!» ብዬ ጮህኩ።

ለካ እዚህ ፊልም የሚታየው በዝምታ ነው! ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። አጠገቤ የተቀመጡት አሮጊት ግን ከፔርሙዛቸው ሻይ ቀድተው ሰጡኝ። እንደኛ ሻይ ስኳር የለውም፤ ቢሆንም ጨለጥኩት። ስሜን የጠየቁኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ቦታ አለቀብኝ። ሳዲያን ሳሚልኝ። ለእናትሽም ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ እዚህም እንደሳቸው እንግዳን መጀመሪያ ያጠጣሉ በያቸው።

ሸምሳ