ለልጄ ያወጣሁላት ስም

የካቲት 3 ቀን 1996

የማታው መሠረተ ትምህርት አለቀ። ከሠላሳ ሁለት ጎልማሳ አንደኛ የወጣው አብዱልባሲጥ ነው... ማለትም እኔ። መምህሩ አልተናገረም እንጂ ፊቱ ላይ አይቼዋለሁ። እንግዲህ የራሴን ነገር በራሴ እጅ እጽፋለሁ።

ዛሬ ሥራ መካከለኛ። ሁለት ሱሪ ማሳጠር፣ አንድ ቀሚስ። ለአዲሱ ዘበኛ «ጭልፋ» የሚል ስም አወጣሁለት። አገጩን ያየ ይፈርዳል። በዚህ ገበያ ከእኔ ስም ያልተቀበለ ሰው የለም።

ፈህሚያ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሱቁ በኩል መጣች። ስምንት ዓመቷ ነው፣ ስትናገር ቃሉ ይያዝባታል። እናቷ ክር አምጪ ብላት ነው። «አባ፣ ክ... ክ... ክ...» አለች። «ዓለምነው፣ ባትሪ አምጣ! ይቺ ራዲዮ ደከመች!» አልሁ። ዓለምነው ጫማ ሰፊው መዶሻውን ጥሎ ሳቀ። ረድፉ በሙሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች... የሳቀች መሰለኝ።

የካቲት 9

«ራዲዮ» ቁስቋም ሰፈር ደረሰ! አንዲት ደንበኛ ከዚያ መጥታ «የራዲዮ አባት አንተ ነህ?» አለችኝ። በስድስት ቀን! እኔ ያወጣሁት ስም በሚኒባስ ነው የሚሄደው።

የካቲት 24

ሚስቴ ሐዲጃ ቁርስ ላይ «ልጅቱ ከተናገረች ስንት ቀኗ ነው?» አለችኝ። አልቆጠርሁም። ውኃ ስትፈልግ በጣቷ ታሳያለች። አኩርፋ ነው። እኔም ልጅ ሆኜ አኮርፍ ነበር። ይለቃታል።

መጋቢት 2

የፈህሚያ መምህርት ወይንሸት አስጠራችኝ። ኮቴን ለብሼ ሄድሁ። መዝገብ ላይ ፈርም ሲሉኝ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ የጣት ቀለም አቀረበችልኝ። «ይነሣ!» ብዬ ስሜን ከእነ አባቴ ጻፍሁላት። እስከዚያ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር።

«ፈህሚያ ሦስት ሳምንት ሙሉ አፏን አልከፈተችም» አለች ወይንሸት። «በፊት ቀስ እያለች ታነብ ነበር። እኔም እጠብቃታለሁ፣ ልጆቹም ለምደው ነበር። አሁን ተራዋ ሲደርስ ዴስኩን እየመቱ ‹ባትሪ! ባትሪ!› ይላሉ።»

ደሜ ፈላ። «የማን ባለጌ ነው ያስተማራቸው?»

ወይንሸት ቀስ ብላ «ስሙን ከሰፈር ነው ይዘውት የመጡት። አባቷ ናቸው ያወጡላት ይላሉ» አለች።

ኮቱ ሞቀኝ። «ምን ይሻላል?»

«ክፍል ውስጥ እኔ ከልክያለሁ። ከበሩ ውጭ ግን እርስዎ ነዎት። እንዲህ ከቀጠለች ክፍል ትደግማለች... እኔን የሚያስፈራኝ ግን ዝምታውን እንዳትለምደው ነው።»

መጋቢት 5

ስሙን ልመልስ ወጣሁ። መጀመሪያ ዓለምነው ጋ።

«ከዛሬ ጀምሮ ልጄን ፈህሚያ ብላችሁ ጥሩልኝ። ያንን ስም አንስቻለሁ።»

«አያ አብዱ፣ ደግሞ ምን አመጣህ!» ገና ሳልጨርስ መሳቅ ጀመረ።

«ቀልድ አይደለም።»

«ኧረ ፊቱን እዩት! ምነው እንዲህ አኮሳተርኸው!» ሰው ጠራ። ተሰበሰቡ።

«ወላሂ ቀልድ አይደለም፣ ልጄ መናገር ትታለች» አልሁ። ባሰባቸው። «ራዲዮው ተበላሸ በለና!» አለ አንዱ። ዓይኔ እንባ ሞላ። ዓለምነው አጨበጨበ። «እንባውንም አመጣው! እንዲህ ያለ ሰው የት ይገኛል!»

ሃያ ዓመት አስቄአቸዋለሁ። ሌላ ነገር ከእኔ ሰምተው አያውቁም።

መጋቢት 6

የዓለምነው ልጆች ዛሬም በአጥር በኩል ጠሯት። በዚያው ስም።

መጋቢት 13

ፈህሚያን አጠገቤ አስቀምጬ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅር በይኝ» አልኋት። አየችኝ። እኔ ጨርሻለሁ፣ እሷ ግን አሁንም ታየኛለች። ለካ የሚያስቀውን እየጠበቀች ነው።

መጋቢት 20

ሐዲጃ ወሰነች። ፈህሚያ አዘዞ እህቴ ሰልማ ዘንድ ትሄዳለች፣ እዚያ ትማራለች። መልቀቂያውን ወይንሸት ራሷ አስጨረሰችልን።

«እዚያ ያንን ስም የሚያውቅ የለም» አለች ሐዲጃ።

«በየሳምንቱ እየሄድሁ አያታለሁ።»

«አትሂድ።»

«ምነው? አባቷ አይደለሁ?»

«ትንሽ ትቆይ፣ አብዱ። ሰው በሚያናግራት ቤት ትንሽ ትቆይ።»

እኔስ አላናግራትም ነበር?... ስለ እሷ ለሰው አወራ ነበር። ከእሷ ጋር ያወራሁትን ባስበው ባስበው አልመጣልኝም።

ሚያዝያ 18

ሥራ ደህና። አጠገባችን አዲስ ነጋዴ ገባ፣ አንገቱ ረጅም። «ስም አውጣለት እንጂ!» አሉኝ። «ማን ይባላል?» አልሁ። «ቢሻው።» «እንግዲያው ቢሻው ነው።» ማንም አልሳቀም። ዓለምነው «አሞሃል እንዴ?» አለኝ።

ግንቦት 15

ሁለት ወር ሊሞላ ሲል ዛሬ አዘዞ ሄድሁ። ሰልማ ቤት አጥር ስደርስ ድምፅ ሰማሁ። ንባብ ነው። «ወን... ወን... ወንዙ ሞልቶ...» ተያዘባት። በሩን ይዤ ቆምሁ። ማንም አልሳቀም። የሰልማ ልጆች ጠበቋት። «...ሞልቶ መሻገር አ... አልቻሉም።» ጨረሰችው። እኔ እንኳ በማታው ክፍል እንዲያ አላነበብሁም።

ሰልማ አየችኝ። «ምነው በር ላይ? ግባ እንጂ!»

ገባሁ። ድምፁ ቆመ።

ፈህሚያ መጽሐፉን አጠፈች። ተነሥታ እጄን ሳመች፣ ሸጋ አድርጋ፣ እንደ ሥርዓቱ። «እንዴት ነሽ ልጄ?» ራሷን ነቀነቀች። «ትምህርትስ?» ነቀነቀች። የሰልማ ልጆች መሬት መሬቱን አዩ። ሻይ ቀረበ። ግማሹን ጠጥቼ ተነሣሁ።

አጥሩን አልፌ ጥቂት እንደ ሄድሁ ንባቡ ተጀመረ። ካቆመችበት።

ቤት ስገባ ሐዲጃ «አናገረችህ?» አለችኝ።

«ታነባለች» አልኋት።