የቦራን ወርቅ ላወጡልን ጌታ

ሐምሌ ፳ ቀን ፲፱፻፷ ዓ.ም.

ለክቡር ፊታውራሪ ውበቱ፣ ለወረዳችን ገዥ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው፣ በቅሎዎ እንዴት ናት፣ ያ ከሩቅ የሚሰማው ጆሮዎስ እንዴት ከርሟል? እኛ እግዜር ይመስገን ደህና ነን፤ እግር ብረት ካስገቡት ከልጅ ልጄ ከድረስ በቀር።

ፊደል ያልቆጠርኩ ባልቴት ነኝና ቃሌን የጻፈልኝ ጨርቅ ነጋዴው አብዱልቃኒ ነው። የደብሩ ጸሐፊዎችማ «ወርቅ ይገኝበትና እንታሰራለን» ብለው ብዕራቸውን ደበቁ። እርስዎ ዘንድ ብቻ እንዳይቀርም ቅዳሜ ገበያ ላይ ይነበባል።

አንደኛ፣ ስላከበሩን አመሰግናለሁ። በሥላሴ ማግስት ድረስ ሲያርስ፣ ቦራ የምንለው በሬያችን ትልም መሀል ተኛበት። ልጁም እንደ አባቶቹ፣

ተነሣ ቦራዬ፣ ተነሣ ተነሣ፤
ቀንበሩ ቢከብድም ጉልበትህ አያንሳ

ብሎ አዜመለት። ሌላ መንገደኛ ቢሆን «በሬ ተኝቶበት ነው» ብሎ ያልፍ ነበር። እርስዎ ግን የጎጃም ሰው ነዎትና ሰሙን ትተው ወርቁን ፍለጋ ገቡ።

ሁለተኛ፣ መሪጌታ ወልደ ሚካኤልን ከነጥምጥማቸው አስመጥተው ግማሽ ቀን ስላደከሙልን እግዜር ይስጥልኝ። በሬው ባላገሩ ነው፣ ቀንበሩ የዘንድሮው የመሬት ግብር ነው፣ መነሣቱም ሽፍትነት ነው ብለው ፈቱት። ድረስ እኮ የቅኔ ቤት ደጅ ረግጦ አያውቅም፤ ዳዊት እንኳ አልደገመ። በሬውን ተነሣ ያለው በሬው ስለተኛ ነው። ከዚያ በታች ቢቆፍሩ የሚያገኙት ጭቃ ነው።

ሦስተኛ፣ አገሩን ጸጥ ስላደረጉልን። አራሹ ሁሉ ዛሬ አፉን ዘግቶ ነው የሚያርስ። በሬ ደግሞ ዝምታ አያውቅም፤ ካላዜሙለት ይቆማል። ደቦ የጠራኋቸው ጎረቤቶቼ «እማማ አገሬ፣ ያለ ዘፈን እንዴት ይታረሳል? ዘፍነንስ ማታ የት ልናድር ነው?» ብለው ቀሩ። የጤፉ ማሳ አንዴ መታረስ ይቀረዋል። ወሩ ካለፈ ዘር አይገባበትም፤ ዘር ካልገባበት የድረስ ሚስት አይናዲስ ከነሦስት ልጆቿ ዓመቱን ምን ትቅመስ? መሪጌታ የፈቱት ወርቅ እንደሁ አይቆላ፣ አይፈጭ።

አራተኛውን አብዱልቃኒ አልጽፍም ብሎኛል።

እንግዲህ ጌታዬ፣ ልጄን እስከ እሑድ ይስደዱልኝ። ለዕውቀትዎ ዳርቻ፣ ለወንበርዎ ወሰን እንዳይኖረው፣ እኛም ደሃዎችዎ ከጥላዎ ወጥተን ፀሐይ እንዳይመታን እየለመንኩ፣ መሬት ስሜ እጅ እነሣለሁ።

የድረስ አያት፣ አገሬ ይርዳው

የቀረ ነገር፦ ድረስ የጠራው በሬ ብቻ ነው። «ባላገር ተነሣ» የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማነው በችሎትዎ ላይ፣ ሕዝቡ ተሰብስቦ፣ እርስዎ መሪጌታን «ጮክ ይበሉ፣ ሁሉም ይስማ» ሲሏቸው ነው። እስከዚያ ቀን እንዲህ ያለ ነገር በሐሳባችን አልነበረም። አሁን ደብረ ወርቅም ጉንደ ወይንም ደርሷል አሉ። ደብረ ማርቆስ ያሉት ትልልቆቹ «ይህን ቃል በአገሩ ማን ዘራው?» ብለው የጠየቁ እንደሆነ፣ ምርኩዜን ይዤ በእግሬ ሄጄ እውነቱን እመሰክራለሁ።